ጥያቄና መልስ፦ የበጋው ማብቂያ ውርጭ፣ መብረቅና የተራራ እሳት

ከደባርቅ፦ መምህር፣ ስሜን ተራሮች ላይ የእሳት ስጋት የሚያይለው መቼ ነው?

መልስ፦ ከጥር ጀምሮ የበልጉ ዝናብ እስኪጥል። ሰው ሙቀቱን ይፈራል፤ እኔ የምፈራው ድርቀቱንና ነፋሱን ነው። ክረምት ያበቀለው የጓሳ ሣር በየካቲት ጭድ ሆኗል። አስታ የተባለው የደጋ ቁጥቋጦ ደግሞ ቅጠሉ ቅባት ስላለው እርጥብ ሳለም ይነዳል። እሳት ዳገት ሲወጣ ከፊቱ ያለውን ሣር በወላፈኑ አስቀድሞ ያደርቃል፤ ስለዚህ ሽቅብ ይፈጥናል። የተራራ ነፋስ ቀን ሽቅብ፣ ሌሊት ቁልቁል ነው፤ ማታ ያንቀላፋ እሳት አቅጣጫ ቀይሮ ይነሳል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢት ስሜን ሲቃጠል ጠፋ ከተባለ በኋላ አገርሽቶ፣ ሚያዝያ ላይ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ባለሙያዎች እስከ መምጣት ተደርሷል። ከእሳት በላይ ዳገት ላይ አትቁሙ። ሣር አታቃጥሉ!

ከጎባ፦ እኛ ጋ እረኛ አስታውን የሚያቃጥለው ለግጦሽ ነው። ከአባቶቻችን የወረስነው ነው።

ከደባርቅ፦ ጭላዳውና ዋልያውስ የት ይግቡ?

ከጎባ፦ ባሌ ዋልያም ጭላዳም የለም። የማወራው ስለ ከብቴ ነው።

መልስ፦ ክርክሩን ለሌላ ቀን አቆዩልኝ። በነፋስ ቀን የተለኮሰ እሳት ለከብቱም ለአውሬውም አይራራም። አታቃጥሉ።

ከደብረ ብርሃን፦ ቴርሞሜትሬ 3 ዲግሪ እያሳየ ባቄላዬን ውርጭ መታው። እንዴት?

መልስ፦ መሣሪያው የተሰቀለው ከመሬት ከፍ ብሎ ነው፤ ባቄላው ያለው ግን መሬት ላይ ነው። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ሲተኛ መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል። እኔ ራሴ ንጋት ላይ የቴርሞሜትሩን ሳጥን ከፍቼ 3 ዲግሪ አንብቤ ዘወር ስል፣ እግሬ ሥር ያለው ሣር አመዳይ ለብሶ ከጫማዬ በታች ሲንኮሻኮሽ ሰምቻለሁ። ባቄላህን ከረባዳው አውጥተህ ተዳፋቱ ላይ ዝራ።

ከአዲስ አበባ፦ ነገ አየሩ እንዴት ነው?

መልስ፦ የት? ስንት ሰዓት ላይ? እንዲህ ያለ ጥያቄ አይመለስም። የዕለቱን ትንበያ ከሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ተከታተል።

ከደሴ፦ መብረቅ ሲያስፈራ ዛፍ ሥር መጠለል ይቻላል?

መልስ፦ በፍጹም። ብልጭታውን እንዳየህ በሰከንድ ቁጠር፤ 30 ሳትደርስ ካጉረመረመ ደመናው 10 ኪሎ ሜትር አይርቅም። ቤት ግባ።

ከጎንደር፦ የእሳቱ ወቅት መቼ ነው?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ።

ከደባርቅ፦ ትናንት አካፍቷል። አሁንስ ማሳ ዳር ያለውን ሣር ባቃጥል?

መልስ፦ አይሆንም። ካፊያ ያረጠበውን ጓሳ የግማሽ ቀን ፀሐይና ነፋስ ያደርቀዋል።