«ዕጩ» እና «ፍቱን»፦ ገና እየተጠና ያለን ውህድ ምን እንበለው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የጤና ዜና እተረጉማለሁ። ወደፊት መድኃኒት ሊሆን ይችላል ተብሎ እየተጠና ስላለ አንድ ኬሚካል «አዲስ መድኃኒት ተገኘ» ብዬ ጻፍኩ። አርታኢዬ «የሙከራ መድኃኒት» ብሎ አረመው። ሐኪም ወዳጄ ደግሞ ሁለቱም አልተዋጠለትም። ምን ልበል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔም ከሐኪሙ ጋር ነኝ።

«መድኃኒት» የመጣው «ድኅነ» ካለው የግዕዝ ግስ ነው፤ ዳነ ማለት ነው። መድኃኒት እንግዲህ የሚያድን ነው። ማዳኑ ያልታወቀን ነገር በዚህ ስም ስንጠራው፣ ያልተረጋገጠውን ተስፋ ቃሉ ራሱ ይሰጣል። «ተገኘ» ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። የታመመ ሰው ይህን ሲያነብ ነገ ሄዶ የሚገዛው ነው የሚመስለው። ይህ በጣም ያሳስበኛል።

«የሙከራ መድኃኒት» ይሻላል፤ ግን ሁለት ትርጉም አለው። ገና እየተሞከረ ያለ ማለት ይሆናል፤ ለመሞከሪያ ብቻ የተሠራ ማለትም ይሆናል። «በሙከራ ላይ ያለ» ቢሉት ብዥታው ይጠፋል። ይህም ቢሆን ውህዱ በሰው ላይ መሞከር ከጀመረ ነው። ገና በቤተ ሙከራ ወይም በእንስሳት ላይ ከሆነ «በጥናት ላይ ያለ ውህድ» ይበቃዋል።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው «ዕጩ መድኃኒት» የሚለውን ነው። «ዕጩ» የወጣው «አጨ» ከሚለው ግስ ነው፤ «እጮኛ»ም የዚያው ግስ ልጅ ናት። የታጨ ሁሉ አያገባም። ውህዶችም እንደዚያው ናቸው፤ በሰው ላይ መሞከር ከጀመሩት 10 ውህዶች 9ኙ ገደማ መንገድ ላይ ይቀራሉ። አንዳንዱ ጉዳቱ ይበዛል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይሠራም። ሁለቴ የሚታጭም አለ። ዚዶቩዲን የተባለው ውህድ በ1964 እ.ኤ.አ. ሲሠራ የታሰበው ለካንሰር ነበር፤ አልሆነም። ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1987 እ.ኤ.አ. ለኤች አይ ቪ የተፈቀደ የመጀመሪያው መድኃኒት ሆነ። በ1964 «የካንሰር መድኃኒት» ብሎ የጻፈ ሰው ቢኖር ተሳስቶ ነበር። «ዕጩ» ያለ ግን አይሳሳትም።

ለመጨረሻው ደረጃስ? እሱንም ቋንቋችን አስቀድሞ አዘጋጅቶታል። «ፍቱን መድኃኒት» እንላለን አይደል? ብዙዎቻችን «ፍቱን»ን ኃይለኛ፣ ቶሎ የሚያሽር በሚል ስሜት እንጠቀምበታለን። ሥሩ ግን «ፈተነ» ነው፤ ፍቱን ማለት የተፈተነ፣ ተፈትኖ ያለፈ ነው። እንዴት ደስ የሚል ቃል ነው! በመጀመሪያ ጥቂት ፈቃደኞች ላይ ጉዳት እንዳያመጣ ይታያል፤ ቀጥሎ በመቶዎች፣ ከዚያ በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ማዳኑ ይመዘናል። ይህን ሁሉ ያለፈውን ነው ፍቱን ማለት ያለብን። ስለዚህ «ዕጩ»ን ከ«ፍቱን» ጋር አያጋቡ፤ «አዲሱ ፍቱን ዕጩ መድኃኒት» የሚል ሐረግ እርስ በርሱ ይጣላል።

«ውህድ»ንም ከ«ድብልቅ» ይለዩ። ውሃ ውህድ ነው፤ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን አንድ ሆነው ሌላ ነገር ወጥቷቸዋል። ጨው የገባበት ውሃ ግን ድብልቅ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስሙን ቢያስተካክሉም ግሱ ሊያበላሽብዎት ይችላል። «ዕጩ መድኃኒቱ ዕጢን ያጠፋል» ካሉ ተመልሰው እዚያው ገቡ። «ማጥፋት አለማጥፋቱ እየተጠና ነው» ይበሉ። በአይጥ ላይ የታየ ከሆነም «በአይጦች ላይ» የሚለውን ከርዕሱ አያውጡት። የእርስዎን ዜና እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ለበሽታው ዕጩ የሆነ አዲስ ውህድ መጠናት ጀመረ»።