ለጀማሪ ጠበቆች፦ ትንሿን ጉዳይ አትናቋት

ሕግ ተምራችሁ የወጣችሁ ልጆች ስታገኙኝ ጥያቄያችሁ አንድ ነው፤ "የሚያዋጣው የቱ ዘርፍ ነው?" የባንክ ነው? የግብር ነው? የኢንቨስትመንት? መልሴ ብዙም አይጥማችሁም። መጀመሪያ የሥራ ክርክር ችሎት ሂዱ። የቤተሰብ ችሎት ሂዱ። ትንሹን ጉዳይ ያዙ።

ትልቅ ድርጅት ጠበቃ አያጣም። ደሃው ግን እኛ ዘንድ የሚመጣው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። "ጠበቃ ጋ ከሄድኩ ያራቁተኛል" ብሎ ይፈራል። ደግሞ አይፈረድበትም፤ ዋጋችንን አያውቀውማ።

ከሥራ የተባረረ የጥበቃ ሠራተኛ መጣ እንበል። የስንብት ደብዳቤውን በፌስታል ጠቅልሎ ይዟል። ብሶቱን መናገር ይጀምራል። አዳምጡት፤ ዓይናችሁ ግን ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን አይነሳ። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ያለ አግባብ ተሰናብቻለሁና ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ሠራተኛ ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ እንዲከስ ይጠይቃል። ከውሉ መቋረጥ ጋር ለተያያዘ ክፍያ ደግሞ 6 ወር አለው። ሰውየው ሽማግሌ ሲልክ፣ አለቃውን ሲለምን፣ "ነገ ና" ሲባል ከርሞ አራተኛው ወር ገብቷል። አሠሪው የይርጋ መቃወሚያ፣ ማለትም "የመክሰሻው ጊዜ አልፏል" የሚል መከራከሪያ፣ ካነሳ ወደ ሥራ የመመለሱ ነገር አበቃ። እውነቱ የሱ ሊሆን ይችላል፤ ችሎቱ ግን እውነቱ ጋ አይደርስም። ለዚህ ሰው የሚያስፈልገው በመጀመሪያው ሳምንት የሚሰጥ የአሥር ደቂቃ ምክር ነበር።

ቤት ገዢውም እንደዚያው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ፊት እንዲደረግ ያዛል። ሰው ግን የዕድሜ ልክ ቁጠባውን በመንደር ውል ያስረክባል።

እንግዲህ አቅምን ያገናዘበ አገልግሎት ስል ሙሉ ክርክርን በግማሽ ዋጋ መያዝ ማለቴ አይደለም። እሱ እናንተንም ያከስራል። ሥራውን ከፋፍሉት። ምክር ብቻ ስንት? ውል አንብቦ አስተያየት መስጠት ስንት? ክስ ጽፎ ለባለጉዳዩ መስጠትስ? ራሱ ቆሞ መከራከር የሚችል ሰው ሞልቷል፤ የሚቸግረው ጽሑፉ ነው። ዋጋውን ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ፍርድ ቤት በር ላይ ላስቲክ ወጥረው ማመልከቻ የሚጽፉትን ሰዎች ብዙዎቻችን እንንቃለን። ሕዝቡ ግን እነሱ ጋ የሚሄደው ሞኝ ሆኖ አይደለም። ቅርብ ናቸው፣ ዋጋቸውም ይታወቃል።

የዳኝነት መክፈያ ያጣ ሰው "በደሃ ደንብ"፣ ማለትም ዳኝነቱን ሳይከፍል፣ መክሰስ እንደሚችል ንገሩት። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ይህን ከ1958 ጀምሮ ይዞታል፤ ዛሬም የማያውቀው ብዙ ነው።

የ1992ቱ የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ አገልግሉ ብሎ ነበር። አንዳንድ ባልደረቦቼ እንደ ግብር ቆጠሩት። እኔ ግን መስቀለኛ ጥያቄ የለመድኩት እነዚያ መዝገቦች ላይ ነው። ባለሀብት ጀማሪን መዝገቡ ላይ አያለማምድም!

"ታዲያ የቢሮ ኪራዩስ?" ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ኪራይ ያንገበግባል። በእኛ ጊዜ ጥብቅና የብቻ ሥራ ነበር። በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ግን በጥብቅና ድርጅት ተሰባስቦ መሥራትን ፈቅዷል። ሦስት አራት ሆናችሁ ኪራዩን፣ ጸሐፊዋን፣ ኮምፒውተሩን ተጋሩ።

ይሄ መንገድ የትም አያደርስም ለሚላችሁ መዓዛ አሸናፊን ጥቀሱለት። አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነጻ የሚሟገተውን የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማህበር ከመሠረቱት አንዷ ናቸው። በ2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት ሆኑ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉንም ጉዳይ ልትይዙ አትችሉም። የማትይዙትን ሰው ወደ ማህበሩ ወይም ዩኒቨርሲቲዎች ወደከፈቷቸው የነጻ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት ላኩት። ባዶ እጁን ግን አይሂድ። ጉዳዩን፣ ቀኖቹን፣ የያዘውን ማስረጃ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡት። ይርጋው የሚሞላበትን ቀን ከላይ አስምሩበት።