ዛፉን ከማስቆረጥዎ በፊት ቅጠሉን ይዩት

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ለአዲሱ ቤት አበቃችሁ። ቢሾፍቱ በገዛችሁት ቤት ጓሮ ስለቆመው ዛፍ የጻፉትን በጥሞና አነበብኩት። ከጣሪያው ከፍ ያለ፣ ቅጠሉ እንደ እጅ ጣቶች የተዘረጋ፣ ፍሬው ብርቱካን የሚያህልና ሲበስልም አረንጓዴነቱን ብዙ የማይለቅ፣ ሲወድቅ ፈርጦ ዝንብ የሚሰበስብ ነው ብለዋል። አንዷ ጎረቤት «ጊሽጣ ነው» ብለውዎታል፤ ሌላው «የማይበላ የፈረንጅ ዛፍ ነው» ብለዋል፤ እናትዎ ደግሞ የልጅ ልጆቻቸው አፋቸው ሳያስገቡት ይቆረጥ እያሉ ነው። የእናትዎ ፍርሃት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እመለስበታለሁ። መጥረቢያው ግን ይቆይ።

እኔ ሐዋሳ ውስጥ ችግኝ አፍልቼ እሸጣለሁ። የቆየ ግቢ ያለው ቤት የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ፍሬ በፌስታል ይዞ መጥቶ «ይህ ምንድን ነው?» ይለኛል። እኔም ቅርንጫፉን ከነቅጠሉ እንዲያመጣልኝ እጠይቀዋለሁ። ፍሬ ያሳስታል፤ ያልበሰለው ከበሰለው፣ የአንዱ ዛፍ ከሌላው ይለያያል። ቅጠል ግን ጠባዩን ቶሎ አይለውጥም።

በገለጻዎ መሠረት ዛፉ ካዝሚር ይመስለኛል። ሳይንሳዊ ስሙ ካሲሚሮአ ኤዱሊስ ነው፤ የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ሲሆን ከሎሚና ከብርቱካን ቤተሰብ ይመደባል። የወይና ደጋ አየር ይስማማዋል፤ እኛ አካባቢ በቆዩ ግቢዎች ውስጥ ይገኛል። ብዙ ሰው የማያውቀው ፍሬው ለገበያ ስለማይመች ነው። ልጣጩ ስስ ነው፤ ትንሽ ከተጋጨ ይጠቁራል፣ የተመታው ቦታም መራራ ይሆናል። ስለዚህ በጆንያ ተጭኖ ሩቅ ለመሄድ አይመችም፤ በአብዛኛው የሚበላው ዛፉ ባለበት አካባቢ ነው።

አሁን ግምቴን እርስዎ ራስዎ ይፈትኑት። አንድ «ጣት» ይያዙና ወደ መነሻው ይከተሉት። ጣቶቹ ሁሉ በአንድ ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ይገናኛሉ፤ ያ ዘንግ ደግሞ ከቅርንጫፉ ጋር ይያያዛል። ዘንጉና ቅርንጫፉ የሚገናኙበትን ብብት በደንብ ይመልከቱ፤ ትንሽ እምቡጥ አለ። ጣቶቹ ከዘንጉ ጋር በሚገናኙበት ቦታ ግን እምቡጥ የለም። ይህ ማለት አምስት ቅጠል የመሰለዎት በእውነቱ አንድ ቅጠል ነው። የካዝሚር ቅጠል አብዛኛውን ጊዜ አምስት ጣት አለው፤ ሦስት ወይም ሰባትም ሊሆን ስለሚችል ከተለያየ ቅርንጫፍ ብዙ ቅጠሎችን ይቁጠሩ።

የጊሽጣው ነገር እዚህ ላይ ያበቃል። የጊሽጣ ቅጠል ያልተከፋፈለ ነጠላ ነው፤ ፍሬውም በላዩ ቅርፊት ቅርፊት የመሰለ ጉብታ ሲኖረው ውስጡ በጥቁር ዘሮች የተሞላ ነው። ማንጎም፣ አቮካዶም፣ ዘይቱንም ነጠላ ቅጠል ናቸው። ጉሎ እጅ የመሰለ ቅጠል አለው፤ ሆኖም ጣቶቹ እስከ መሠረታቸው አይለያዩም፣ ፍሬውም እሾሃማ ነው። የጉሎ ዘር ክፉ መርዝ ስላለው ግቢው ውስጥ ካለ ልጆቹን ያርቁ። ጌተም የሚባለው ዛፍ ደግሞ ልክ እንደ ካዝሚር ጣታም ቅጠል አለው፤ ፍሬው ግን ደቃቅ ስለሆነ ብርቱካን ከሚያህል ፍሬ ጋር አይምታታም።

ቅጠሉ ከተስማማ አንድ የበሰለ ፍሬ በቢላዋ ለሁለት ይክፈሉ፤ ለጊዜው አይቅመሱ። ካዝሚር ከሆነ ሥጋው ነጭ ወይም ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ቅባት ያለው የሚመስል ልስላሴ ያለው ነው። መሐሉ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት የሚሆኑ ነጣ ያሉ ትልልቅ ዘሮች ይኖራሉ፤ ቅርጻቸው የብርቱካን ዘር ይመስላል፣ መጠናቸው ግን እጅግ ይበልጣል። ደቃቅ ዘሮች ከሞሉት ግምቴ አልሠራም ማለት ነው፤ እንደገና እናስብበታለን። ቅርንጫፉ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ካወጣም ካዝሚር አይደለም። ወተት ሁልጊዜ የመርዝ ምልክት እንዳልሆነ ፓፓያና በለስ ይመሰክራሉ፤ ማንነቱ ባልታወቀ ዛፍ ላይ ግን እጅና ዓይን መጠበቅ ይገባል።

የእናትዎ ነገር እነሆ። የካዝሚር ሥጋ ይበላል፤ ዘሩ ግን መርዛማ ነው። በሜክሲኮ ዘሩም፣ ቅጠሉም፣ የግንዱ ቅርፊትም ለእንቅልፍና ለደም ግፊት በባህል መድኃኒትነት ሲያገለግሉ ኖረዋል፤ ይህ ራሱ በሰውነት ላይ ኃይል እንዳላቸው ያሳያል። አንድ ሰው መጥቶ «ቅጠሉን ቀቅለሽ ጠጪ፣ ግፊት ያወርዳል» ቢልዎት አይስሙት፤ በተለይ የግፊት ኪኒን የሚወስድ ሰው ቤት ውስጥ ካለ። ፍሬውን ለልጆች የምትሰጡት ተልጦና ዘሩ ወጥቶ ይሁን፤ ዘሩም ሜዳ ላይ አይጣል። ልጣጩ መራራ ስለሆነ መላጡ ለጣዕምም ይበጃል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው አንድ ቤት ያየሁት ስለማይረሳኝ ነው። ባለቤቶቹ «ኒም ነው» ብለው የያዙት ዛፍ ሜሊያ ነበር፤ ልጆቹ ጠጣር ዘሩን በክር ሰክተው አንገታቸው ላይ አድርገውት አገኘሁ። የሜሊያ ፍሬ ቢጫ፣ ብይ የሚያህል፣ ቅጠል ከረገፈ በኋላ እንኳ ቅርንጫፉ ላይ የሚቆይ መርዛማ ነገር ነው። ከኒም የሚለየውም በቅጠሉ ነው፤ የኒም ቅጠል አንድ ጊዜ ብቻ ሲከፋፈል የሜሊያው ግን ከቅጠሉ ዘንግ የወጣው ክፋይ እንደገና ይከፋፈላል። ስም መገመት እንዲህ ዓይነት ጣጣ ያመጣል።

የስልክ መተግበሪያዎችም ይረዳሉ። ፕላንትኔት ላይ የቅጠሉን፣ የአበባውን፣ የፍሬውንና የግንዱን ፎቶ ለየብቻ አስገብቶ ማመሳከር ይቻላል። ነገር ግን ስልኩ «ይህ ነው» ስላለዎት ብቻ ምንም ነገር አይብሉ። ቅርንጫፍ ከነአበባው በጋዜጣ መሐል አድርቀው አራት ኪሎ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና የሚቀመጥበት ቦታ) ቢወስዱ ዕፅዋትን የሚለዩ ባለሙያዎች አሉ። ከተማችሁ ውስጥም የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ መጠየቅ አይከፋም።

ካዝሚርነቱ ከተረጋገጠ እባክዎ አይቁረጡት። ከዘር የበቀለ ካዝሚር ለማፍራት ሰባትና ስምንት ዓመት ይፈጅበታል፤ ከእናንተ በፊት የነበረ ሰው ያን ሁሉ ጊዜ ታግሦ አሳድጎታል። የዝንቡ ችግር የሚመጣው ፍሬው ከዛፉ እስኪወድቅ ስለሚጠበቅ ነው። ፍሬው ጠንካራ ሳለ፣ ቀለሙ ትንሽ ፈካ ማለት ሲጀምር፣ ከአጭር እንጨቱ ጋር በመቀስ ቆርጠው ያውርዱት፤ ቤት ውስጥ በጥቂት ቀናት ይለሰልሳል። በዱላ አይምቱት፣ ዛፉንም አያራግፉት፤ የተመታው ሁሉ ይበላሻል። የወደቀውን በየቀኑ ለቅመው ይቅበሩ። ጣዕሙ ግን እንደ ዛፉ ነው፤ ከዘር የበቀለ ስለሆነ አንዱ ማር ሲሆን ሌላው መረር ሊል ይችላል። የእናንተው ከመረረ ያኔ ስለ መቁረጥ ወይም የጣፋጭ ዝርያ ቅርንጫፍ በላዩ ስለ ማዳቀል ብንነጋገር አልቃወምም።

ሥሩ ብርቱ ስለሆነ ከአጥሩና ከመጸዳጃው ጉድጓድ ያለውን ርቀት ይለኩልኝ። ቀርቦ ካገኙት ከላይ ያለውን በየዓመቱ እየከረከሙ ማሳጠር ይሻላል፤ አጥሩ ከተሰነጠቀ ግን ምክሬ ይለወጣል። የቅጠሉን ብብት በቅርበት፣ የተከፈለውን ፍሬ ደግሞ አንድ ብር ሳንቲም አጠገቡ አስቀምጠው አንሥተው ይላኩ፤ መጠኑን ከሳንቲሙ አይቼ እመልስልዎታለሁ። እስከዚያ ድረስ ልጆቹ አይቅመሱት።