ክሊፕ ማድረጊያው ከፒንሳ በምን ይለያል?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ የባዮሜዲካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያዬ የደም ሥር ላይ ክሊፕ (ሥሩን ጨብጦ የሚዘጋ ትንሽ ብረት) የሚያደርግ መሣሪያ ልነድፍ ነው። ጓደኞቼ ግን «እሱ እኮ ፒንሳ ነው፣ ምን ዲዛይን አለው?» ይሉኛል። እርስዎ ኦፕሬሽን ክፍል ብዙ ዓመት ሠርተዋል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ ጓደኞችሽ ፒንሳን በደንብ አላዩትም። ፒንሳ መጀመሪያ የሚጨብጠው ከማጠፊያው አጠገብ ያለውን ነው። የደም ሥር ደግሞ ያዳልጣል፤ ከኋላ ከተጫንሽው ወደ ፊት ሾልኮ ያመልጣል። ስለዚህ የክሊፕ ማድረጊያ መንጋጋ ጫፉ ቀድሞ መግጠም አለበት። ጫፎቹ ሲገናኙ የደም ሥሩ መሐል ተከብቦ ይቀራል። መጫኑ ከዚያ በኋላ ነው። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይቺን አትልቀቂ።

ክሊፕ የመጣው ክር መቋጠር ከማይመችበት ቦታ ነው። አሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሃርቪ ኩሺንግ በ1911 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ስለ ብር ክሊፕ የጻፈው ለአንጎል ቀዶ ሕክምና ነበር። ዛሬ እኛ ጋ አብዝቼ የማቀብለው ለሐሞት ጠጠር ላፓሮስኮፒ ነው፤ በትንንሽ ቀዳዳ፣ በካሜራ እየታየ የሐሞት ከረጢቱ የሚወጣበት ቀዶ ሕክምና ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት የታይታኒየም ክሊፕ ሰውነት ውስጥ በሚቀረው በኩል፣ አንድ በሚወጣው በኩል ይደረግና መሐሉ ይቆረጣል። ሁለቱ ዕድሜ ልክ እዚያው ይኖራሉ። ስፕሪንግ የላቸውም። አንዴ የታጠፈው ብረት እንደታጠፈ መቅረት አለበት።

ከዓመታት በፊት አንድ መሣሪያ አቀበልኩ። ከዚያ በፊት ወለል ላይ ወድቆ ኖሯል፤ የነገረኝ አልነበረም። መንጋጋው በፀጉር ያህል ወደ ጎን ዞሮ ነበር። ሐኪሙ ሲጨብጠው የክሊፑ እግሮች እንደ መቀስ ተላለፉ። ደም መጣ። ሐኪሙ ወዲያው ይዞ በክር ቋጠረው፤ ታካሚዋም በሰላም ወጣች። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም። ከዚያ ወዲህ በሽተኛ ከመግባቱ በፊት መንጋጋውን ወደ መብራት ይዤ ከፊት ለፊት አያለሁ። ከተቻለም አንድ ክሊፕ ባዶውን ጨብጬ እግሮቹ እኩል መሆናቸውን አረጋግጣለሁ። አንቺ ስትነድፊ ይህ መዛነፍ ገና ሲጀምር ለዓይን እንዲታይ አድርጊው። እባክሽን።

መንጋጋውን ቀጭን አድርጊው። ሐኪሙ የክሊፑን ሁለት ጫፎች ከደም ሥሩ ወዲያ ማዶ ካላየ መጨበጥ የለበትም። ዘንጉ በአንድ ጣት ይዙር፤ አለዚያ የሐኪሙ የእጅ አንጓ ይጠመዘዛል።

እጀታው ላይ ደግሞ አደራ። የእኔ ጓንት ቁጥር 6 ተኩል ነው፤ እጄ ትንሽ ነው። አብረውኝ የሚሠሩ ሴት ሐኪሞችም ብዙዎቹ እንደዚያው ናቸው። አንዳንዱ እጀታ በጣም ሰፊ ስለሆነ በሁለት እጅ ሲጨብጡት አይቻለሁ። ሁለት እጅ ሲገባ ጫፉ ይንቀጠቀጣል። የመጀመሪያውን ሞዴል በእንጨትም ቢሆን ሠርተሽ፣ እርጥብ ጓንት አጥልቀሽ ሃያ ጊዜ ጨብጪው። የት እንዳመመሽ ጻፊልኝ።