እኔው የጻፍኩት ማስታወሻ ማስረጃ ይሆናል?

ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። አለቃሽ ሰው ፊት ያዋርድሻል፣ ማታ ማታ ደግሞ ጸያፍ መልእክት ይልክልሻል። ለመክሰስ ገና አልወሰንሽም። ምናልባት አንድ ቀን ይጠቅመኝ ይሆናል ብለሽ ግን የደረሰብሽን ስልክሽ ላይ መጻፍ ጀምረሻል። «እኔው የጻፍኩት ነገር ምን ዋጋ አለው?» ነው ያልሽኝ።

ዋጋ አለው እህቴ። ብቻውን ያስረታልሻል አልልሽም፤ ምስክር ወይም መልእክት ሲደግፈው ነው የሚጠነክረው። ግን በዕለቱ የተጻፈ ነገር ከዓመት በኋላ ተቀምጦ ከሚታሰበው የበለጠ ይታመናል። መስቀለኛ ጥያቄ ላይ፣ ማለትም የተቃራኒ ወገን ጠበቃ ፍርድ ቤት ሲጠይቅሽ፣ «መቼ ነበር? ማን ነበር?» ስትባይም የሚያድንሽ እሱ ነው። እውነት ተበድሎ ሳለ ቀን ስላምታታ ብቻ ውሸታም የመሰለ ሰው ስንት አይቻለሁ።

የላክሽልኝ ገጽ ላይ «ዛሬም እንደለመደው አበሻቀጠኝ፣ አውሬ ነው» ይላል። ንዴትሽ ይገባኛል፤ ዳኛ ግን ከዚህ የሚይዘው ነገር የለም። እንዲህ ቢሆንስ፦ «ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ፣ ስብሰባ ላይ። ‹አንቺ ደደብ፣ ማን ነው የቀጠረሽ?› አለኝ። 5 ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱ ሳቁ። እኔ ዝም አልኩ። ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።» ቀን፣ ወርና ዓመቱን ሙሉ አድርጊ፣ የነበሩትን ሰዎች ስም ጨምሪ፣ ስድቡንም ቢያሳፍርሽ እንዳለ ጻፊው።

ከዚያ በኋላ አታሳምሪው። የረሳሽው ትዝ ካለሽ፣ ትዝ ያለሽን ዕለት ጠቅሰሽ ከታች ጨምሪ እንጂ የድሮውን አትንኪ፤ ስርዝ ድልዝ የበዛበት ማስታወሻ ለተቃራኒ ወገን ጠበቃ ሠርግና ምላሽ ነው። ደግሞ ፍርድ ቤት ከቀረበ እነሱም እንደሚያነቡት አትርሺ፤ የትዳርሽን ጣጣ እዚያው አታቀላቅዪ።

መልእክቶቹን እንዳታጠፊ። ስክሪንሾት አንሺ፣ ቁጥሩና ሰዓቱ ይታይ፤ ዋናው ግን ስልክሽ ላይ ይቆይ። ኮፒ ስታስቀምጪ የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አይሁን፤ ከሥራ በወጣሽ ቀን ኮፒውም እዚያው ይቀራል። ሐኪም ጋ ከሄድሽ ምክንያቱን ንገሪው፣ ካርድሽ ላይ ይጻፍ።

በድብቅ ድምፅ መቅዳትን በተመለከተ ቆይ በይ። አንዳንድ አገር ይፈቀዳል፣ አንዳንድ አገር ግን ቀጂው ራሱ ተከሳሽ ይሆናል።

አሁን የሚያሳስበኝ ይርጋው፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደቡ ነው። የሥራ ክርክር የጊዜ ገደቡ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፣ በወራት የሚቆጠርም አለ፤ አንዴ ካለፈ ደብተር ሙሉ ማስረጃ ቢኖርሽም ላይሰማልሽ ይችላል። ባትከሺም እንኳ በዚህ ሳምንት ያለሽበትን አገር ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ጠይቂ። ስትሄጂ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጥፋት የተፈጸመበትን ቀን ይዘሽ ሂጂ፤ ገና ከመቀመጥሽ የሚጠይቅሽ እሱን ነው።