«መቁጠሪያ ሲንኳኳ በላብ እጠመቃለሁ»

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የባለሙያዎች መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው፤ ዕድሜዬ 27 ነው። በ11 ዓመቴ ራሴን ስቼ ስወድቅ «መንፈስ አለባት» ተብዬ አጥማቂ ነኝ የሚል ሰው ቤት ሁለት ሳምንት ታስሬ በመቁጠሪያ ተገርፌአለሁ። ዛሬም መቁጠሪያ ሲንኳኳ በላብ እጠመቃለሁ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ሌሊት እየባነንኩ እነሣለሁ። እናቴ «እምነትሽ ቀዝቅዞ ነው» ትለኛለች። ቴራፒ (የንግግር ሕክምና) ብጀምር ሃይማኖቴን ያስተዉኛል? ስንት ጊዜስ ይፈጃል?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ እምነቱ የቀዘቀዘ ሰው በር ድረስ አይሄድም፤ ከቤቱም አይነሣ። ሰውነትሽ መቁጠሪያን ከግርፋቱ ጋር አቆራኝቶ ስለያዘው፣ ድምፁን ሲሰማ ገራፊው የመጣ ያህል ይደነግጣል።

እንዲህ በሃይማኖት ስም ከደረሰ ጉዳት የሚቀር የአእምሮ ቁስል አንዳንዶች «ሃይማኖታዊ ትራውማ» ይሉታል፤ ነገር ግን በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ራሱን ችሎ የሰፈረ ሕመም አይደለም። ባለሙያው የሚፈትሸው በዋናነት ፒቲኤስዲ የሚባለውን፣ ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚመጣ ሕመም ነው። ያ ጊዜ ዛሬ የሚደርስብሽ ያህል ይመላለሳል ወይ፣ የሚያስታውስሽን ነገር ትሸሻለሽ ወይ፣ አደጋ ያንዣበበ ይመስል ዘወትር ትባንኛለሽ ወይ ብሎ ይጠይቅሻል። ሦስቱም ለሳምንታት ዘልቀው ኑሮሽን ካወኩ ሕክምና ያስፈልግሻል። ራስ መሳቱ አሁንም ካለ ግን አስቀድሞ ሐኪም ይይሽ። የሚጥል በሽታ ከሆነ በመድኃኒት እንጂ በንግግር አይታከምም።

ቴራፒው በሳምንት አንድ ቀን፣ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ነው። ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ቀጠሮ ይወስዳል፤ የልጅነትና የተደጋገመ ጉዳት ሲሆን ይረዝማል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀጠሮዎች ሁሉን ዘርዝረሽ ተናገሪ አትባዪም፤ መረጋጋትን ነው የምትለማመጂው።

ከዚያ የሚያስፈሩሽን ነገሮች ከቀላሉ ወደ ከባዱ የሚደረድር መሰላል ይሠራል። ፍርሃትሽን ከ0 እስከ 10 ትለኪዋለሽ። በአንቺ ጉዳይ መሰላሉ ይህን ሊመስል ይችላል፦ የመቁጠሪያ ፎቶ በስልክ ማየት 3፣ መቁጠሪያው ሁለት ሜትር ርቆ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ 5፣ በእጅ መያዝ 6፣ ዓይን ጨፍኖ እንጨቱ ሲንኳኳ መስማት 8፣ ሰው በሌለበት ሰዓት የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በር ላይ መቆም 9። የሚጀመረው ከታች ነው። ፍርሃቱ በግማሽ ያህል እስኪወርድ፣ ለምሳሌ 6 ደርሶ ከሆነ 3 እስኪሆን፣ እዚያው ትቆያለሽ፤ አንዳንዴ 20፣ አንዳንዴ 40 ደቂቃ ይፈጃል። በማግስቱ ያንኑ ትደግሚዋለሽ።

ብዙዎች የሚሰናከሉት ፍርሃቱ ጣሪያ ሲነካ ተነሥተው በመሄድ ነው። ያን ጊዜ አእምሮ «የዳንኩት ስለሸሸሁ ነው» ብሎ ይማራል፤ የሚቀጥለው ሙከራ ይብሳል። «ልድፈረው» ብሎ በአንድ ቀን 9 ላይ መውጣትም እንዲሁ ነው። ወደ ገራፊሽ ቤት መመለስ ግን ከመሰላሉ ላይ የለም። ልምምዱ ዛሬ ጉዳት ከማያደርስ ነገር ጋር ብቻ ነው።

ሃይማኖትን በሚመለከት፣ በሥነ ምግባሩ የሚሠራ ባለሙያ አይሰብክሽም፣ አያስከዳሽም። በሩ ላይ መቆም ከቻልሽ በኋላ ትግቢ አትግቢ ውሳኔው ያንቺ ነው። ቀጠሮ ከመያዝሽ በፊት «ትራውማ በምን ዘዴ ነው የሚያክሙት?» ብለሽ ጠይቂ። በመጀመሪያው ቀን «ይቅር በያቸው» ብሎ የሚጀምር ከሆነ ሌላ ፈልጊ፤ ይቅርታ ማዘዣ አይጻፍለትም። በደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስላለ ከዚያ መጀመር ትችያለሽ። መድኃኒት ከታዘዘልሽ ለመሥራት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። «አልሠራልኝም» ብለሽ ወይም «ተሻለኝ» ብለሽ በድንገት አታቁሚው።

ሌሊት ስትባንኚ መብራት አብሪ፣ ባዶ እግርሽን ወለሉ ላይ አሳርፊ። የደሴ ብርድ ለዚህ ይጠቅማል። እስከ 4 እየቆጠርሽ አየር ሳቢ፣ እስከ 6 እየቆጠርሽ አውጪ፤ አምስት ደቂቃ ያህል። የከሰዓቱን ቡና ቀንሺ። ጫትም ከነካካሽ የልብ ምት መፍጠንን እሱ ራሱ ያመጣዋል።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነው። የ16 ዓመት ልጄ ዉዱእ (ከሶላት በፊት የሚደረገውን መታጠብ) ለማድረግ 40 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ «አልነጻሁም» እያለ እንደገና ይጀምራል። ትምህርት እያመለጠው ነው። ኡስታዙ ወስዋስ ነው ይላሉ። ሐኪም ጋ ልውሰደው?

መልስ፦ አዎ፣ ይውሰዱት። ኡስታዙም አልተሳሳቱም፤ ወስዋስ የሚሉት በሕክምና ኦሲዲ የሚባለው፣ ጥርጣሬ እየተመላለሰ አንድን ድርጊት የሚያስደጋግም ሕመም ሊሆን ይችላል። ሕክምናው ጥርጣሬው ሳይጠፋ ዉዱኡን እንዳይደግም ማለማመድ ነው። ኡስታዙን ያሳትፏቸው፤ ከአንድ ጊዜ በላይ እንደማያስፈልገው ከእርሳቸው አፍ ይስማ። ነቢዩ በአንድ ሙድ ውኃ፣ ከአንድ ሊትር ባነሰ፣ ዉዱእ ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ስለዚህ ቧንቧውን ትቶ በአንድ ሊትር ኮዳ ይጠቀም፤ ውኃው ሲያልቅ ዉዱኡም አበቃ።

እርስዎ ደግሞ «ነጽተሃል ልጄ» ማለቱን ያቁሙ። ማጽናኛው ለአምስት ደቂቃ ያሳርፈዋል፤ በስድስተኛው ተመልሶ ይጠይቅዎታል። «ይህ የወስዋሱ ጥያቄ ነው፣ አልመልስም» ይበሉት፤ ሳይቆጡ። የመጀመሪያውን ሳምንት ጭንቀቱ ይብስበታል፣ ያለቅስም ይሆናል። ስለዚህ ለእናቱም ለወንድሞቹም አስቀድመው ይንገሩ፤ አንዱ ከልክሎ ሌላው ካጽናናው ልምምዱ ይፈርሳል።