ተራራው ከመንደዱ በፊት፦ ስለ ሰደድ እሳትና ስለ መሬት አጠቃቀም ጥያቄና መልስ

በደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ሆኜ ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። በጋው ሳይጠና ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከደረሱኝ ጥያቄዎች የተደጋገሙትን ልመልስ።

ጥያቄ (ከወረኢሉ)፦ እሳቱን የሚያስነሳው መብረቅ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ደመና በሌለበት ወር መብረቅን የምንከሰው ቀርቦ መልስ ስለማይሰጥ ይመስለኛል። እኔን የገጠመኝ ሁሉ የሰው እጅ ነው። ማር ቆራጩ የሚያጨሰውን ኩበት ሳያጠፋ ይሄዳል፤ እረኛው ብርድ ሲጸናበት ያነዳል፤ ከሰል አክሳዩ ጉድጓዱን ሳያዳፍን ይወርዳል። ያረጀ አስታ፣ ማለትም የደጋውን ቁጥቋጦ፣ ሆን ብሎ የሚያቃጥልም አለ፤ ለበጎቹ ለጋ ሣር እንዲበቅልለት ነው። ይህን ሰው በቅጣት ብቻ አታስቆሙትም።

ጥያቄ (ከደላንታ)፦ ተራራችን ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ተከልሎ ለምልሟል። ከእሳትስ ድኗል ማለት ነው?

እንዲያውም ስጋቱ ጨምሯል። አንድ ቀበሌ ውስጥ ተራራው ተከልሎ ሣሩ ወገብ ደርሶ ነበር። ደንቡ «አትንኩ» ስለሚል ማንም አላጨደውም። የካቲት ላይ እሳት ሲነሳ ሊያጠፋ የወጣው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ሌላው ደጃፉ ላይ ቆሞ አየ። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። በኋላ ግን ገባኝ፦ እየነደደ ያለው የእሱ ሣር አልነበረም። ደንቡን ካጸደቁት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ ዓመት ቅሬው (የመንደሩ ዕድር) ተሰብስቦ ተራራውን በጎጥ አካፈለ። ሣሩ ዘር ካራገፈ በኋላ ኅዳር ላይ በዕጣ ይታጨዳል፤ ባሏ የሞተባት ሴት ማጨድ ባትችል ደቦ ይወጣላታል። ከዚያ ወዲህ ጭስ ሲታይ የሚጮኸው ዕጣ የደረሰው ሰው ነው። ሣሩን ሳያጭዱ መከለል ማገዶ መከመር ነው፤ ከአሥር ስብሰባ ይልቅ ማጭድ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ (ከኩታበር)፦ የእሳት መከላከያ መስመር የት እናውጣ?

ያላችሁን አስቀድሙ፦ የእግር መንገድ፣ እርከን፣ ድንጋያማ ሸንተረር፣ ወንዝ። በመካከል የጎደለውን ብቻ አፈሩ እስኪታይ ጥረጉ። ቀጥ ብሎ ቁልቁል የሚወርድ መስመር ግን አታውጡ፤ በጋ ከእሳት ያዳናችሁ መስመር ክረምት ላይ ቦረቦር ይሆናል።

ጥያቄ፦ ባህር ዛፉን እንቁረጠው?

ከቤትና ከጭድ ክምር አጠገብ ያለውን፣ አዎ። ቅርፊቱ ተልጦ ይንጠለጠላል፤ እሳት ሲይዘው ነፋስ ይዞት ይሄድና ሣር ክዳን ላይ ያርፋል። ሌላው ይቆይ፤ የስንቱ ቤት ቆርቆሮ የተገዛው በእሱ ነው። ቅጠሉን ለምጣድ ጠርገው የሚወስዱት ሴቶች ሳናመሰግናቸው እሳት ሲከላከሉልን ኖረዋል።

ጥያቄ (ከመቄት)፦ ልጄ ከሸለቆው አናት ላይ ቤት ሊሠራ ነው። ምን ይመክሩኛል?

እባክዎ ቦታውን ያስቀይሩት። እሳት ሽቅብ ይሮጣል፤ ነበልባሉ ከበላዩ ያለውን ሣር ቀድሞ ያደርቀዋል፣ ሸለቆውም እንደ ጭስ መውጫ ይስበዋል። ስለ እርሻም አንድ ነገር ልጨምር፦ በ1997 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይካሄድበት፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነው ደግሞ የጠረጴዛ እርከን ተሠርቶለት ብቻ እንዲታረስ ደንግጎ ነበር፤ አዋጁ በ2016 በሌላ ተተክቷል። ለመለካት ገመድና የግንበኛ ውኃ ልክ ይበቃል፤ ገመዱን አግድም 10 ሜትር ሲወጥሩ መሬቱ 6 ሜትር ከፍ ካለ 60 በመቶ ነው።

ጥያቄ፦ ሄሊኮፕተር አይላክልንም?

በ2011 ሰሜን ተራሮች ሲነድ ከውጭ ሄሊኮፕተርና የእስራኤል እሳት አጥፊዎች መጥተዋል። እስኪደርሱ ግን እሳቱ ለቀናት ነዷል። እናንተ ጎህ ሲቀድ ውጡ፤ ነፋሱ የሚረጋው ያኔ ነው። ከእሳቱ በላይ በፍጹም አትቁሙ። ማምለጫችሁ የተቃጠለው ጥቁር መሬት ይሁን።

ጥያቄ (ከአማራ ሳይንት)፦ የተቃጠለውን አስታ ነቅለን ጥድ እንትከል?

አትንቀሉት። አስታ ከላይ ቢከስልም ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ጥድ ግን ከተቃጠለ አያቆጠቁጥም። ደግሞም ያ አስታ፣ ብዙዎቻችን እስካሁን ደንቆሮ ጫካ በምንለው በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ፣ የቀይ ቀበሮ አገር ነው። በጎቹን ብቻ አርቁለት፤ ለምለሙ ቡቃያ ሲወጣ መጀመሪያ የሚደርሱት እነሱ ናቸው።